ብፁዕ አባ ገብረ ሚካኤል፦ በሰንሰለት ታስረው የመጸወቱ አባት

በደሴና በኮምቦልቻ የምንገኝ ካቶሊካውያን ምእመናን በቁጥር ጥቂቶች ነን። ስለ ቅዱሳን ሕይወት ስንማርም አብዛኛውን ጊዜ የምንሰማው የሩቅ አገር ስም ነው፤ አሲዚ፣ ፓሪስ፣ ካልካታ እያልን እንቆጥራለን። ይሁን እንጂ በጎጃም ተወልደው፣ በጎንደር ተምረውና አስተምረው፣ በመጨረሻም ወደ ወሎ በዘመተ ሠራዊት መካከል በሰንሰለት ታስረው ሲጓዙ ከመንገድ ዳር ያረፉ አንድ አባት አሉን። ጎጃምም፣ ጎንደርም፣ ወሎም በ2007 ዓ.ም. በተቋቋመው በባሕር ዳር-ደሴ ሀገረ ስብከት ውስጥ የሚጠቃለሉ ስለሆኑ፣ ብፁዕ አባ ገብረ ሚካኤል የራሳችን መንደር ሰው ናቸው ብንል ማጋነን አይሆንም።

የእኚህን አባት ሕይወት ለሕፃናትና ለንኡሰ ክርስቲያን የሚያስተምሩ የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ሁለት ችግር ይገጥማቸዋል። አንደኛው፣ ስለ ምጽዋትና ስለ ባልንጀራ ፍቅር ሲነገር፣ ራሱ የቸገረው ሰው ከየት አምጥቶ ይስጥ የሚል ጥያቄ መነሣቱ ነው። ሁለተኛው ደግሞ ከዚህ የሚከብድ ነው። አባ ገብረ ሚካኤል የተሠቃዩት በገዛ ወገኖቻቸው እጅ ነው፤ ይህንንም ታሪክ ከኦርቶዶክሳውያንና ከእስላም ወንድሞቻችን ጋር በአንድ ግቢ እየኖርን፣ በአንድ ለቅሶ ቤት እየተቀመጥን መተረክ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ቂም ለመቀስቀስ ከተተረከ ሰማዕቱ ራሳቸው ያልፈለጉትን መሥራት ይሆናል። እንግዲህ የሕይወታቸውን ታሪክ ይህን በማሰብ እንመልከት።

አባ ገብረ ሚካኤል በ1783 ዓ.ም. ገደማ በጎጃም፣ ዲቦ በተባለች መንደር ተወለዱ። ገና በልጅነታቸው የአንድ ዓይናቸውን ብርሃን አጡ። ለእርሻና ለጦር እምብዛም አይሆንም የሚባል ልጅ በዚያን ዘመን የሚላከው ወደ ቆሎ ትምህርት ቤት ነበርና እርሳቸውም ወደ ትምህርት ዘነበሉ። ጎልምሰው በመርጡለ ማርያም ገዳም መነኰሱ። ከዚያም የምንኩስናን ሕይወት ሥርዓት ከምንጩ ለማወቅ ፈልገው መጻሕፍትን እየመረመሩ ከገዳም ወደ ገዳም ተዘዋወሩ፤ በኋላም ጎንደር ገብተው ከታወቁት መምህራን አንዱ ሆኑ።

ያ ዘመን መሳፍንት እርስ በርሳቸው የሚዋጉበት፣ ሊቃውንትም በምሥጢረ ሥጋዌ ትምህርት ተከፋፍለው የሚከራከሩበት ጊዜ ነበር። አባ ገብረ ሚካኤልም በክርክሩ ውስጥ አንድ ወገን ይዘው የቆሙ ሰው ነበሩ። (የዚህ ክርክር ፍጻሜ የተበየነው ከዓመታት በኋላ፣ በ1870 ዓ.ም.፣ ከደሴ ብዙም በማይርቀው በቦሩ ሜዳ በተደረገው ጉባኤ መሆኑን የአገራችን ሰው ያውቀዋል።) እውነትን ለማግኘት የነበራቸው ጥማት ታላቅ እንደነበረ አይካድም። ነገር ግን ክርክር የሚያሸንፍ ሊቅ ሁሉ ባልንጀራውን የሚወድ ሰው ነው ማለት አይደለም፤ ይህን ለመማር ገና ሌላ አስተማሪ ያስፈልጋቸው ነበር።

አስተማሪው ከኢጣልያ የመጡ የላዛሪስት ማኅበር ካህን ናቸው። ዮስጢኖስ ደ ያዕቆብ ይባላሉ፤ የአገራችን ሕዝብ አቡነ ያዕቆብ እያለ የጠራቸው ናቸው። እኚህ አባት ወደ ኢትዮጵያ ከመምጣታቸው ጥቂት ዓመታት በፊት በናፖሊ ከተማ የኮሌራ ወረርሽኝ በገባ ጊዜ ከሕመምተኞች ሳይለዩ ያገለገሉ ነበሩ። በ1832 ዓ.ም. ወደ ትግራይ ገብተው በዓድዋ ሲቀመጡ፣ ለክርክር እንዳልመጡ፣ ያመጣቸው የኢትዮጵያን ሕዝብ መውደዳቸው ብቻ እንደሆነና ሕይወታቸውም የሕዝቡ እንደሆነች ተናገሩ። ሰውም ቃላቸውን ከኑሯቸው ጋር እያመሳከረ ይጠብቃቸው ጀመር።

በ1833 ዓ.ም. የትግራይ ገዥ ደጃዝማች ውቤ ጳጳስ ለማምጣት መልእክተኞችን ወደ ግብፅ ሲልኩ፣ አቡነ ያዕቆብ አብረው እንዲሄዱ ጠየቋቸው፤ ከመልእክተኞቹም አንዱ አባ ገብረ ሚካኤል ነበሩ። መነኰሴው ሊቅ መጀመሪያ ላይ ፈረንጁን ካህን በጥርጣሬ ዓይን ይመለከቷቸው ነበር። መንገዱ ግን ረጅም ነው፤ በረሃው፣ ባሕሩና ሕመሙ የሰውን ጠባይ ይገልጣል። ልዑካኑ ካይሮ ደርሰው፣ ከዚያም አልፈው ወደ ሮም ሄደው በር.ሊ.ጳ. ጎርጎርዮስ 16ኛ ዘንድ ቀረቡ። በዚህ ሁሉ ጉዞ አቡነ ያዕቆብ ስድብን በትዕግሥት ሲቀበሉና ለጓደኞቻቸው ሲደክሙ አባ ገብረ ሚካኤል አዩ። የመጻሕፍቱ ክርክር ከዚያ በኋላም ብዙ ጊዜ ወስዷል፤ ሆኖም ልባቸውን በመጀመሪያ የከፈተው ይህ የታየ ፍቅር ይመስለኛል። በ1836 ዓ.ም. የካቲት ወር፣ ዕድሜያቸው ከሃምሳ ካለፈ በኋላ፣ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያንን ኅብረት ተቀበሉ።

ከዚህ በኋላ ያሉትን ዓመታት በአጭሩ እንለፋቸው። በአዲግራት አጠገብ በጓላ በተከፈተው የካህናት ማሠልጠኛ አስተማሩ፤ ለአገሩ ሰው የሚስማማ የትምህርተ ክርስቶስ መጽሐፍ በማዘጋጀት ረዱ፤ በ1843 ዓ.ም. በታኅሣሥ ወር ከአቡነ ያዕቆብ እጅ ቅስናን ተቀበሉ። ያን ጊዜ ዕድሜያቸው ወደ ስድሳ ተጠግቶ ነበር። ትናንት መምህራንን የሚያስተምሩ የነበሩት ሊቅ ትንንሽ ልጆችን ፊደለ ሃይማኖት ሲያስቆጥሩ መዋላቸውን የአሁን መምህራን ልብ ቢሉት ይጠቅማል።

በ1846 ዓ.ም. በሐምሌ ወር ጎንደር ላይ ከአራት ጓደኞቻቸው ጋር ተያዙ። የጎንደር ጌታ የነበሩት ደጃዝማች ካሣ፣ በኋላ ዐፄ ቴዎድሮስ የተባሉት፣ አገሪቱን በአንድ ንጉሥና በአንድ ሃይማኖት ለማጽናት ቆርጠው ተነሥተው ነበር፤ ጳጳሱ አቡነ ሰላማም በዚህ አሳብ ይተባበሩ ነበር። አቡነ ያዕቆብ ለብቻቸው ታስረው ቆይተው ከአገር እንዲወጡ ተደረገ። የአባ ገብረ ሚካኤልና የጓደኞቻቸው እግር ግን በግንድ ተጠርቆ ለወራት በእስር ማቀቁ። እምነታቸውን እንዲተዉ ደጋግመው ተጠየቁ፤ እምቢ አሉ። ደጃዝማች ካሣ በ1847 ዓ.ም. በየካቲት ወር ነግሠው ዐፄ ቴዎድሮስ ከተባሉ በኋላም ሽማግሌው በፊታቸው ቀርበው ተገረፉ። ደግ ዓይናቸውን ለማጥፋት ፊታቸው ቢገረፍም ዓይናቸው አለመጥፋቱን የሕይወታቸውን ታሪክ የጻፉ ሰዎች ይናገራሉ።

ስለ ዐፄ ቴዎድሮስ አንድ ነገር ሳይጠቀስ ቢታለፍ ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። ንጉሡ በዘመነ መሳፍንት ለደቀቀችው አገር አንድነትን የተመኙ ሰው ነበሩ፤ ዛሬም በአገራችን በፍቅር የሚታወሱት ስለዚህ ነው። የአንድን ሰው ታላቅነት ማመንና በእርሱ እጅ የተፈጸመውን ግፍ አለመሸፈን ሁለቱም ይቻላሉ፤ ለልጆቻችንም ሁለቱን አንድ ላይ መናገር ይገባናል።

በግንቦት መጨረሻ 1847 ዓ.ም. በንጉሡ ፊት በተደረገው ችሎት አባ ገብረ ሚካኤል ሞት ተፈረደባቸው። በዚያ የተገኘው የእንግሊዝ ቆንስል ዋልተር ፕላውደን ግን ስለ ሽማግሌው ለመነ፤ ፍርዱም ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ተለወጠ። ፕላውደን ከካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ጋር ጉዳይ የነበረው ሰው አልነበረም። በወንጌል ከኢየሩሳሌም ወደ ኢያሪኮ ሲወርድ ወንበዴዎች የደበደቡትን ሰው ያነሣው የቅርብ ወገኑ እንዳልነበረ እናስታውሳለን፤ እዚህም የሆነው ከዚያ የራቀ አይደለም። በዚህ ልመና ለአባ ገብረ ሚካኤል የተጨመረላቸው ዕድሜ ሦስት ወር ያህል ብቻ ነበር። ቤተ ክርስቲያን ከሕይወታቸው ሁሉ አጉልታ የምታስበውም እነዚህን ሦስት ወራት ነው።

ንጉሡ ወሎንና ሸዋን ለማስገበር ተነሡ። በዚያን ዘመን የንጉሥ ከተማ ድንኳን ነውና እስረኛውም አብሮ ይጓዛል። ወራቱ ክረምት ነበር። ክረምት በወሎ ምን እንደሚመስል ለእኛ ማስረዳት አያስፈልግም፤ ጭቃው እግር ያጣብቃል፣ ወንዙ ይሞላል፣ ደጋው በጉም ተሸፍኖ ይውላል። በዚህ መንገድ የስድሳ አራት ዓመት ሽማግሌ፣ አንድ ዓይና፣ በግርፋት የደከመ፣ እግሩ በሰንሰለት የተያዘ፣ የወጣት ወታደር እርምጃ እንዲከተል ተገደደ። በዚያ ላይ ኮሌራ በሠራዊቱ መካከል ገባ። አቡነ ያዕቆብ በወጣትነታቸው በናፖሊ የተዋጉት በሽታ ደቀ መዝሙራቸውን በወሎ ዘመቻ አገኛቸው።

አባ ገብረ ሚካኤል በዚያ ሠራዊት ውስጥ መድኃኒት የላቸውም፤ ገንዘብም፣ ዘመድም፣ ወዲያና ወዲህ የሚሉበት ነጻ እግርም የላቸውም። ያላቸው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ለእስረኛ የምትሰጠው ጥቂት ምግብ። እርሷን ከአፋቸው እየቀነሱ በአጠገባቸው ላሉት ሕመምተኞችና ምስኪኖች ያካፍሉ ጀመር። ታሪኩ የተቀባዮቹን ስም አላቆየልንም። ሃይማኖታቸውን ጠይቀው እንደ ሰጡም አይናገርም። ከንጉሡ ሠራዊት ጋር በሚጓዝ ሕዝብ መካከል የነበረ ተቀባይ፣ የሰጪውን እምነት የሚጋራ ሰው ሊሆን እንደማይችል ግን መገመት አያዳግትም። አሳሪዎቻቸውን ያሸነፋቸውም ይህ ነው። ይህን ሁሉ ሥቃይ ችለው አለመሞታቸውን ያዩ ወታደሮች፣ በገድሉ ሞትን ደጋግሞ ድል በነሣው ሰማዕት ስም ቅዱስ ጊዮርጊስ እያሉ ይጠሯቸው ነበር። ሲታሰሩ መናፍቅ የተባሉ ሰው፣ በጠባቂዎቻቸው አፍ በጠባቂዎቻቸው ቅዱስ ስም ተጠሩ ማለት ነው።

ከላይ ላነሣነው ጥያቄ፣ የቸገረው ሰው ምን ይስጥ ለሚለው፣ ከዚህ የቀረበ መልስ ለማግኘት ያዳግታል። ሀብታም ከትርፉ ይሰጣል፤ መልካም ነው። በወንጌል የተመሰገነችው መበለት ግን ሁለት ሳንቲም ነበራት፤ አባ ገብረ ሚካኤልም የእስረኛ ጉርሻ ነበራቸው። እንዲህ ያለውን ስጦታ የወሎ ሰው በዓይኑ አይቶታል። በ1966ቱ ረሃብ ሰው ከየገጠሩ ወደ ከተሞቻችን መንገድ ሲወጣ፣ በ2013 ዓ.ም. ክረምትም ከራያ ቆቦና ከወልድያ በኩል በጦርነት የተፈናቀለው ሕዝብ በደሴና በኮምቦልቻ ትምህርት ቤቶችና መኖሪያ ቤቶች ሲጠለል፣ እንጀራውን ለሁለት ከፍሎ ያቀረበው አብዛኛው ሰው ለራሱም ያልተረፈው ነበር። በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ራሳቸውን አስተናጋጆቹን ሲያፈናቅል ደግሞ ትናንት የሰጠው እጅ ለመቀበል ተዘረጋ። እስላሙ ለክርስቲያኑ፣ ክርስቲያኑም ለእስላሙ መስጠቱ በወሎ እንደ ተአምር አይቆጠርም፤ በአንድ ቤተሰብ ውስጥ ሁለቱም አሉና።

ር.ሊ.ጳ. ፒዮስ 11ኛ በ1919 ዓ.ም. በመስከረም ወር የአባ ገብረ ሚካኤልን ብፅዕና አወጁ። መምህራቸው አቡነ ያዕቆብም በ1852 ዓ.ም. ሐምሌ ወር እርሳቸውም በመንገድ ላይ ሳሉ አርፈው፣ በ1968 ዓ.ም. በጥቅምት ወር በር.ሊ.ጳ. ጳውሎስ 6ኛ ቅድስናቸው ታወጀ። ደቀ መዝሙሩ ከመምህሩ ቀድመው ሞቱ፤ በመሠዊያ ክብር መታሰብንም ቀደሙ።

የመጨረሻዋ ቀን በነሐሴ ወር ማብቂያ 1847 ዓ.ም. መጣች። አባ ገብረ ሚካኤል ከዚያ ወዲያ አንዲት እርምጃ እንኳ መራመድ አልቻሉም፤ ከመንገዱ ዳር ጋደም አሉ፣ በዚያውም ነፍሳቸው ከሥጋቸው ተለየች። ጠባቂዎቹ ከእግራቸው ሰንሰለቱን ፈቱ፤ ጉድጓድ ቆፍረውም ቀበሯቸው። ሠራዊቱም ጉዞውን ቀጠለ፤ በመስከረም 1848 ዓ.ም. መቅደላን ያዘ።