ዩኒቨርሲቲ ሳይገቡ ሊቅ የሆኑት ወይዘሮ አሊሺያ ቡል ስቶት

በቅርቡ መጥታችሁ በጊቫት ሃሞሬ የሰፈራችሁ አዲስ ገቢ ወላጆች፣ ልጃችሁ የሒሳብ ደብተሩን ይዞ ሲጠይቃችሁ፣ እኔ ፊደል አልቆጠርኩም ብላችሁ የመለሳችሁበት ቀን እንዳለ አውቃለሁ፤ በየቤታችሁ ስመጣ ደጋግሜ ሰምቼዋለሁ። ስለዚህ ዛሬ የአንዲት እናት ታሪክ ይዤላችሁ ቀርቤአለሁ።

ወይዘሮ አሊሺያ በ1860 እ.ኤ.አ. በአየርላንድ አገር፣ ኮርክ በምትባል ከተማ ተወለዱ። አባታቸው ጆርጅ ቡል ታዋቂ የሒሳብ ሊቅ ነበሩ። ይሁን እንጂ አሊሺያ ገና የአራት ዓመት ሕፃን ሳሉ አባታቸው ሞቱ፤ እናታቸው ወይዘሮ ሜሪ አምስት ሴቶች ልጆች ይዘው ቀሩ። ኑሮ ስለከበዳቸውም ለንደን ሄደው በአንድ የሴቶች ኮሌጅ ቤተ መጻሕፍት ሥራ ያዙ። አሊሺያ በዘመድ እጅ አደጉና ቆይተው ከእናታቸው ጋር ተገናኙ። ዩኒቨርሲቲ አልገቡም። የተማሩት ሒሳብ የጥንቱ የግሪክ ሊቅ ኤውክሊድ ከጻፏቸው መጻሕፍት የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ብቻ ነበር ይባላል።

አሥራ ስምንት ዓመት ገደማ ሲሆናቸው፣ በኋላ ታላቅ እህታቸውን ያገቡት መምህር ቻርልስ ሂንተን ትንንሽ የእንጨት ኩቦች ይዘው ወደ ቤታቸው ይመላለሱ ጀመር። መምህሩ ዘወትር የሚያወሩት ስለ አራተኛ አቅጣጫ ነበር። ነገሩ ግር እንዳይላችሁ ቀስ ብለን እንሂድበት። አንድ ክር ብትዘረጉ ጫፎቹ 2 ናቸው። ክሩን በርዝመቱ ልክ ወደ ጎን ብትጎትቱት ባለ 4 ማዕዘን ምንጣፍ ይሆናል። ምንጣፉን ወደ ላይ ብትስቡት ባለ 8 ማዕዘን ሣጥን ይወጣዋል። ሣጥኑን ደግሞ ዓይናችን ወደማያየው አራተኛ አቅጣጫ ብንስበው 16 ማዕዘን ያለው፣ በ8 ሣጥኖች የታጠረ ቅርጽ ይገኛል። ሂንተን ቴሰራክት ብለው የሰየሙት ይህንኑ ነው።

ታዲያ የማይታየውን እንዴት ማወቅ ይቻላል? ሽንኩርት በስሱ ስትቆርጡ የመጀመሪያው ቁራጭ ትንሽ ክብ ነው፤ መሐሉ ላይ ይሰፋል፤ ወደ መጨረሻው እንደገና ያንሳል። ሽንኩርት አይቶ የማያውቅ ሰው ቁራጮቹን በተራ ቢያይ ድቡልቡል መሆኑን ይገምታል። አሊሺያም ያደረጉት ይህንኑ ነው፤ ልዩነቱ ባለ አራት አቅጣጫ ቅርጽ ሲቆረጥ ቁራጩ ራሱ እንደ ሣጥን ያለ አካል መሆኑ ነው። ቁራጮቹን በሐሳባቸው እያዩ ከካርቶን ሠሯቸው። በዚህም መንገድ፣ ጎናቸውና ማዕዘናቸው ሁሉ እኩል የሆነ፣ ስርጉድ የሌለባቸው ባለ አራት አቅጣጫ ቅርጾች 6 ብቻ መሆናቸውን ደረሱበት። ትንሹ በ5፣ ትልቁ በ600 አካላት የታጠረ ነው። ሽሌፍሊ የተባሉ የስዊዝ ሊቅ ይህንን ቀደም ብለው አግኝተውት ነበር፤ እሳቸው ግን አልሰሙም።

በ1890 ከአቶ ዋልተር ስቶት ጋር ተጋብተው ሁለት ልጆች በአነስተኛ ገቢ አሳደጉ። አንድ ቀን ባለቤታቸው ስለ ሆላንዳዊው ፕሮፌሰር ፒተር ስኾውተ ጽሑፍ ነገሯቸው። ወይዘሮዋም የካርቶኖቻቸውን ፎቶግራፍ ላኩላቸው። ፕሮፌሰሩ ባዩት ተደንቀው ወደ እንግሊዝ እየመጡ አብረዋቸው ሠሩ፤ እስኪሞቱም ድረስ አልተለያዩም። በ1914 የግሮኒንገን ዩኒቨርሲቲ ለእኚህ የቤት እመቤት የክብር ዶክተርነት ሰጣቸው።

ጥቅሙ ምንድን ነው ትሉኝ ይሆናል። አባታቸው እውነትና ሐሰትን በ1 እና በ0 የሚያሰላ ሒሳብ ትተው ነበር፤ ዛሬ ኮምፒዩተር የሚሠራው በዚያ ነው። የቴሰራክት 16 ማዕዘኖችም ከ0000 እስከ 1111 ሊሰየሙ ይችላሉ፤ ከአንዱ ወደ ጎረቤቱ ስትሻገሩ የሚለወጠው አንድ አኃዝ ብቻ ነው። በ1983 በካሊፎርኒያ መሐንዲሶች 64 ኮምፒዩተሮችን ባለ ስድስት አቅጣጫ ቅርጽ ማዕዘኖች ላይ እንዳሉ አድርገው አገናኟቸው። የአባትና የልጅ ሥራ እንዲህ ተገናኘ፤ ወይዘሮ አሊሺያ ግን በ1940 ዐርፈው ስለነበር አላዩትም። ካርቶኖቻቸው በግሮኒንገንና በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲዎች ተቀምጠዋል።

እናንተም የማቀዝቀዣውን ካርቶን ከመጣላችሁ በፊት በ8ቱ ማዕዘኖች ላይ ከ000 እስከ 111 እንዲጽፍ ልጃችሁን እዘዙት። ጎረቤታም ማዕዘኖች በአንድ አኃዝ ብቻ ይለያዩ እንደሆነ እናንተ ተቆጣጠሩ፤ ለዚህ 0 እና 1ን መለየት ይበቃል።