ከእግዚአብሔር ጋር የታረቀ ሰው፤ የኦነሲሞስ ነሲብ ሕይወት

አንባቢ ሆይ፤ በአሰላ ገበያ ብትነግድ ወይም በትምህርት ቤት ብትማር፥ ጥቂት ቆም ብለህ ልብህን ጠይቅ፤ ከእግዚአብሔር ጋር ታርቀሃልን? ብዙ ሰው ሰላም ማለት የጎተራ መሙላትና የጠላት መራቅ ይመስለዋል፤ ሆኖም ጎተራው ሞልቶ እንቅልፍ የሚያጣ አለ። እንግዲህ ሁሉ የተወሰደበት ሰው ሰላምን እንዴት እንዳገኘ ስማ። ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር እንጽፍልሃለን።

ይህ ሰው በ1856 ገደማ በኢሉባቦር፥ በሁሩሙ አጠገብ ተወለደ። ወላጆቹ ሂካ አሉት፤ ትርጓሜውም ተርጓሚ ማለት ነው። በአራት ዓመቱ አባቱ ሞተበት። በ1869 ባርያ ፈንጋዮች ነጥቀው ወሰዱት፤ እንደ ከብትም እየተሸጠ በስምንት ጌቶች እጅ አለፈ። በምጽዋ ግን የስዊስ ተወላጅ የሆነው ቬርነር ሙንዚንገር ነጻ አወጣው፤ በእምኩሉም በስዊድን ወንጌላዊት ሚሲዮን ትምህርት ቤት እንዲማር አደረገ።

እነሆ ሥጋው ነጻ ወጣ። ነገር ግን አስተውል፤ የሥጋ አርነት ብቻውን ቂምን ከልብ አያወጣም፥ ኃጢአትንም አያስተሰርይም። በ1872 በትንሣኤ በዓል ቀን በክርስቶስ አምኖ ተጠመቀ፤ ሐዋርያው ጳውሎስ ለፊልሞና በጻፈው መልእክት እንደ ወንድም እንዲቀበለው በለመነለት ባርያ ስምም ኦነሲሞስ ተባለ። ይህን ሰላም በገንዘብ አልገዛውም፥ በድካሙም አላገኘውም፤ በእምነት ተቀበለው እንጂ።

ከዚህ በኋላ በስዊድን አገር አምስት ዓመት ተማረ። በዚያ ተመችቶት ሊኖር በቻለ ነበር፤ እርሱ ግን ተሰርቆ ወደ ተወሰደበት ሕዝብ ወንጌልን ይዞ ለመመለስ ቆረጠ። ሁለት ጊዜ ለመሄድ ተነሣ፤ ሁለት ጊዜም መንገዱ ተዘጋበት። አላጉረመረመም፤ ተቀምጦ መጻሕፍትን ይተረጉም ጀመረ። እንደ እርሱ ከባርነት የወጣች አስቴር ጋኖ የምትባል ሴት በቋንቋው ብዙ ረዳችው። አዲስ ኪዳን በ1893፥ መላው መጽሐፍ ቅዱስም በ1899 በኦሮምኛ፥ በግዕዝ ፊደል ታተመ። በአርሲ ደጋ በየቤቱ የሚነገረው ይህ ቋንቋ ነውና፥ የዚህ ሰው ድካም ለአንተም አገር ነበረ።

በ1904 ነቀምት ደረሰ፤ ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔርም በመልካም ተቀበሉት። በ1906 ተከስሶ በአቡነ ማቴዎስ ፊት ቆመ፤ እንዲሰደድም ተፈረደበት። ዳግማዊ ምኒልክ ወደ ነቀምት እንዲመለስ ፈቀዱለት፥ እንዳይሰብክ ግን ከለከሉት። እርሱም ማስተማሩን አልተወም። በ1916 በልጅ ኢያሱ ዘመን የመስበክ ፈቃድ አገኘ፤ በጁን 21 ቀን 1931 በነቀምት እስኪያርፍ ድረስም በዚያው አገልግሎት ጸና።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፤ ሰላም ያለ መከራ መኖር እንዳልሆነ ተመልከት። መንገድ ሲዘጋበት፥ ሲከሰስና አፉን ዝጋ ሲባል ልቡ ያልተናወጠው አስቀድሞ ከአምላኩ ጋር ስለ ታረቀ ነው። አንተ ግን ስለ አንድ ክንድ ድንበር ወይም ስለ አንድ ክፉ ቃል ከወንድምህ ጋር ስንት ዓመት ተኳርፈሃል? ክርስቶስ የአንተን ዕዳ ከፍሎልሃል፤ በእርሱ አምነህ ከእግዚአብሔር ጋር ታረቅ። ከታረቅህም ዛሬ ፀሐይ ሳትጠልቅ ተነሥተህ ወደ በደለህ ሰው ደጅ ሂድ።