ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክና የስልክ ኔትወርክ

የዛሬው የታላላቅ ሰዎች ታሪክ ስለ ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ነው። የዓድዋን ድል ሁላችንም ስለምናውቅ ዛሬ ስለ ስልካቸው እናወራለን። በአይሲቲ ትምህርት ስለ ኔትወርክ ስንማር በጣም ይጠቅመናል።

ዐፄ ምኒልክ ከንጉሥ ኃይለ መለኮትና ከወይዘሮ እጅጋየሁ ነሐሴ 12 ቀን 1836 ዓ.ም. ሸዋ ውስጥ አንጎለላ ተወለዱ። ገና የ11 ዓመት ልጅ ሳሉ አባታቸው ሞቱና ዐፄ ቴዎድሮስ ወስደዋቸው ኋላ መቅደላ ላይ ተቀመጡ። በ1857 ዓ.ም. ከመቅደላ አምልጠው ሸዋ ገቡና ነገሡ። በ1882 ዓ.ም. ደግሞ እንጦጦ ላይ ንጉሠ ነገሥት ሆነው ዘውድ ጫኑ።

በዚያ ዘመን መልእክት የሚሄደው በእግረኛና በበቅሎ ነበር። ለሕዝብ ሁሉ የሚነገር ነገር ሲኖር ነጋሪት ይጎሰምና አዋጅ ይታወጃል። ለአንድ ሰው ብቻ ከሆነ ደግሞ ደብዳቤ ተጽፎ በመልእክተኛ ይላካል። በኮምፒውተር ኔትወርክም እነዚህ ሁለቱ አሉ። ለሁሉም የሚላክ አለ፣ በአድራሻ ለአንዱ ብቻ የሚላክም አለ።

ዐፄ ምኒልክ አዲስ ነገር ማወቅ በጣም ይወዱ ነበር። ስልክ ከተፈለሰፈ 20 ዓመት እንኳን ሳይሞላው፣ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1894፣ ከአዲስ አበባ እስከ ሐረር መስመር ማዘርጋት ጀመሩ። ርዝመቱ 477 ኪሎ ሜትር ነው። አንድ እግረኛ በቀን 40 ኪሎ ሜትር ቢሄድ እንኳን 12 ቀን ይፈጅበታል! ሽቦ ውስጥ የሰው ድምፅ ሲሰሙ የሰይጣን ሥራ ነው ብለው የፈሩ ሰዎች ነበሩ ይባላል። ንጉሡ ግን አልተውትም። ቆይቶ መስመሩ ከአዲስ አበባ ወደ ሌሎች አቅጣጫዎችም ተዘረጋ።

ግን አንድ ችግር ነበር። ድምፅ በረጅም ሽቦ ሲሄድ እየደከመ ይመጣል። ስለዚህ በየመሀሉ ስልከኞች ተቀመጡ። ስልከኛው ከአንዱ ወገን የሰማውን ለሚቀጥለው በአፉ ይደግምለታል። ለምሳሌ ከሞጣ ወደ ደጀን መልእክት ይላክ እንበል። ድምፁ ደክሞ ደጀን ካልደረሰ፣ ቢቸና ያለው ሰው ሰምቶ ለደጀኑ ይነግረዋል ማለት ነው።

ዛሬ ይህን የሚሠሩት መሣሪያዎች ናቸው። የደከመውን ምልክት አድሶ የሚያሳልፈው ሪፒተር ይባላል። አድራሻውን አይቶ መንገድ የሚመርጠው ራውተር ነው። በአንድ ክፍል ያሉ ኮምፒውተሮችን የሚያገናኘው ስዊች ነው። ሁሉም የሚግባቡበት የጋራ ሕግ ደግሞ ፕሮቶኮል ይባላል።

የመሀሉ ሰው ሥራ ቀላል አልነበረም። አንድ ቃል ቢስት፣ አንድ ቃል ቢጨምር፣ ተቀባዩ ውሸት ይሰማል። ምሥጢሩንም ሁሉ ያውቃል። ኮምፒውተር መልእክቱ ከተበላሸ እንደገና እንዲላክለት ይጠይቃል፤ ምሥጢሩም የመሀሉ እንዳያነበው ይቆለፋል። ለሰው ግን መቆለፊያው ታማኝነቱ ብቻ ነው። ይህን በክፍላችሁ ሞክሩት። 10 ተማሪ ተሰልፎ አንድ ዓረፍተ ነገር በጆሮ ይቀባበል። መጨረሻው ላይ የሚወጣውን ሰምታችሁ ትስቃላችሁ!

ዐፄ ምኒልክ ፖስታን፣ የባቡር ሐዲድንና ዘመናዊ ትምህርት ቤትንም አስጀምረዋል። ለዓመታት ከታመሙ በኋላ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ዐረፉ። ያስጀመሩት መስመር ግን እየሰፋ ዛሬ በየኪሳችን ገብቷል።

ጓደኞቼ፣ አሁን የመሀል ስልከኞቹ እኛ ነን። በስልክ የደረሰንን ወሬ ለሌላው የምናሳልፈው እኛው ነን። በአንድ የውሸት ወሬ ሰው ይጣላል፣ ገበያ ይበተናል፣ እናት ታለቅሳለች። ስለዚህ ሳናጣራ አናስተላልፍ፣ ያልሰማነውንም አንጨምር።