ሜዳና ደብተርን ያስታረቀው ፖል ሮብሰን

ፖል ሮብሰን እ.ኤ.አ. በ1898 በአሜሪካ ኒው ጀርሲ ግዛት፣ በፕሪንስተን ከተማ ተወለደ። አባቱ ፓስተር ዊልያም ሮብሰን በባርነት ተወልደው፣ በ15 ዓመታቸው ያመለጡ ሰው ነበሩ፤ ለልጃቸው ከሁሉ አስቀድመው የተመኙለትም ትምህርትን ነበር።

ሮብሰን በሶመርቪል ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳለ በአሜሪካ እግር ኳስ፣ በቅርጫት ኳስ፣ በቤዝቦልና በአትሌቲክስ ተወዳደረ። አባቱ ግን የሜዳው ድል ትምህርቱን እንዲያጓድልበት አልፈቀዱም፤ ከውጤቱ ጥቂት ቢቀንስ ምክንያቱን ይጠይቁት ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1915 ሮብሰን ለሩትገርስ ኮሌጅ የነጻ ትምህርት ዕድል ግዛት አቀፍ ፈተና ተቀመጠ። ተፎካካሪዎቹ የሦስቱን ዓመታት ትምህርት አስቀድመው ተፈትነው ነበር። እርሱ ያንን ፈተና መኖሩን ሳያውቅ አልፎት ስለነበር የአራቱን ዓመታት ትምህርት በአንድ ጊዜ ተፈተነ፤ አሸነፈም።

በኮሌጁ ቡድን ልምምድ ሲጀምር ነጮች ተጫዋቾች አፍንጫውን ሰበሩት፤ ሲያገግም ወደ ሜዳው ተመለሰ። በ1917 እና በ1918 ከአገሪቱ ምርጥ ተጫዋቾች አንዱ ሆኖ ተመረጠ። በ1919 ሲመረቅም ተመራቂዎቹን ወክሎ የስንብት ንግግር ያደረገው እርሱ ነበር።

በኋላ በዘፈንና በትወና ዓለም ያወቀው፣ ለጥቁሮች መብት የተሟገተው ሮብሰን በ1976 ዐረፈ።