ከኋላ ያለውን ሰው የጠበቀ ጠመንጃ፦ የፖል ማውዘር ሕይወት ባጭሩ

ሰናድር የሰው ስም መሆኑን ስንቶቻችን እናውቃለን? በፉከራና በቀረርቶ እየሰማናቸው ያደግናቸው የጠመንጃ ስሞች ብዙዎቹ የሰው ወይም የአገር ስሞች ናቸው። ሰናድር ያዕቆብ ስናይደር የተባለ አሜሪካዊ ነው። ውጅግራ «ፊዚል ግራ» ከሚለው የፈረንሳይኛ ስም የመጣ ሲሆን፣ ግራ ደግሞ የፈረንሳይ ጦር መኮንን ነበር። በልጅግ ያው ቤልጅግ ነች፣ ቤልጅየም። ሰዎቹ ተረሱ፣ ስማቸው ግን ብረት ሆኖ ቀረ። ከነዚህ ሁሉ በዓለም ላይ ስሙ በብዛት የተሸከመው ደግሞ ሞዘር ነው። እኔም በዚህ ጽሁፍ ስለ ባለስሙ፣ ስለ ፖል ማውዘር ሕይወት ትንሽ ለማለት እወዳለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸው ይታወቅልኝ።

የትምህርት ክፍላችን ተማሪ ስለ ጠመንጃ ሠሪ መጻፉ ለምን አስፈለገ የሚል ይኖራል። መልሴ አጭር ነው። የፖለቲከኛ ሕይወት ከንግግሩ፣ የደራሲም ከመጽሐፉ ይጠናል። የመካኒካል ሙያ ሰው ሕይወት ግን ከሠራው ዕቃ ላይ ይነበባል ባይ ነኝ። የማውዘርን ጠመንጃ ፈታትቶ ላየ ሰው አብዛኛው ክፍሉ አንድ ቀን አንድ ነገር ስለተበላሸ የተጨመረ ነው።

ፒተር ፖል ማውዘር ሰኔ 27 ቀን 1838 በደቡብ ምዕራብ ጀርመን፣ በዚያን ጊዜው የቩርተምበርግ መንግሥት፣ ኦበርንዶርፍ በምትባል የወንዝ ዳር ከተማ ተወለደ። ለቤቱ አሥራ ሦስተኛና የመጨረሻ ልጅ ነበር። አባቱ በንጉሡ የጦር መሣሪያ ፋብሪካ ውስጥ ጠመንጃ ሠሪ ነበሩ። ፋብሪካው የተተከለው በድሮ የመነኮሳት ገዳም ሕንፃ ውስጥ ነው! ፖልም ገና በልጅነቱ ሞረድ ጨብጦ እዚያው ሙያ ውስጥ ገባ። አራት ዓመት የሚበልጠው ወንድሙ ቪልሄልም አብሮት ይሠራ ነበር። ቪልሄልም ተናጋሪ፣ ደጅ ጠኚና ነጋዴ ሲሆን ፖል ግን ከብረቱ ጋር የሚነጋገር ዓይነት ሰው ነበር። በ1859 ለመድፈኛነት ተመልምሎ ሉድቪግስቡርግ ወደሚገኘው የጦር መሣሪያ ግምጃ ቤት ሄደ።

በዚያ ዘመን የፕሩሲያ ጦር የሚመካው ድራይዘ በሠራው ባለመርፌ ጠመንጃ ነበር። ጥይቱ በወረቀት የተጠቀለለ ስለሆነ፣ ረጅም መርፌ ወረቀቱንና ባሩዱን ወግቶ አልፎ ከእርሳሱ ሥር ያለውን ማቀጣጠያ ይመታል። ታዲያ መርፌው ባሩዱ መሃል ስለሚቀር ይቃጠላል፣ ይሰበራል። ከዚህ የባሰው ደግሞ ወረቀት የጋዙን መውጫ ሊደፍን አለመቻሉ ነው። ጋዙ በመዝጊያው ስንጥቅ ወደኋላ፣ ወደ ተኳሹ ፊት ያመልጣል። ወታደሩ የጠላትን ጥይት ብቻ ሳይሆን የገዛ ጠመንጃውንም ይፈራ ነበር ማለት ነው።

የፖል ማውዘር የመጀመሪያ ሥራ የተነሳው ከዚህ ችግር ነው። መዝጊያው፣ ማለትም እጀታውን ይዘን አዙረን ወደኋላ የምንስበው ብረት፣ ሲዞር በዚያው እንቅስቃሴ መምቻውን እንዲወጥር አደረገው። ተኳሹ ለብቻው የሚያደርገው አንድ ሥራ ቀረለት። ጥይቱንም የነሐስ ቀለህ ያለው አደረገው። ነሐስ በግፊት ሲለጠጥ ከማጉረሻው ግድግዳ ጋር ይጣበቅና ጋዙን ይደፍናል፤ ግፊቱ ሲወርድ መልሶ ይሸሻል። የማቴሪያል ሳይንስ መምህራችን ስለ ኢላስቲሲቲ ሲያስተምሩን ይህን ምሳሌ ቢጨምሩበት ደስ ይለኛል።

አዲስ ነገር መፍጠር አንድ ነገር ነው፣ ገዢ ማግኘት ሌላ። የገዛ አገሩ መንግሥት ፊቱን አዞረበት። የአሜሪካው ሬሚንግተን ኩባንያ ወኪል የነበረው ሳሙኤል ኖሪስ ግን ጠመንጃውን አይቶ ከወንድማማቾቹ ጋር ተዋዋለ። በ1867 ሁለቱም ወደ ቤልጅየሟ የሊዬዥ ከተማ ተሻገሩ። በ1868 በአሜሪካ ፓተንት ሲወጣ የኖሪስ ስም ከወንድማማቾቹ ስም ጋር ተጻፈ። ብዙም ሳይቆይ ኖሪስ ገንዘቡን አቆመ። ፖል ባዶ እጁን ወደ ኦበርንዶርፍ ተመለሰ። ቪልሄልም ግን ጠመንጃውን ይዞ የፕሩሲያን መኮንኖች ደጅ ሲጠና ከረመና ፈተናውን አለፈ። አዲሱ የጀርመን መንግሥት በ1871 በተመሠረተበት ዓመት የማውዘር ጠመንጃ «ሞዴል 71» በሚል ስም ተመረጠ። ልኩ 11 ሚሊ ሜትር፣ የሚያጎርሰውም አንድ ጥይት ብቻ ነበር።

በ1874 ወንድማማቾቹ ከአንድ የሽቱትጋርት ባንክ ጋር ሆነው አባታቸው በሙያተኛነት ያገለገሉበትን የንጉሡን ፋብሪካ ገዙ። ደስታው ሳይጠገብ በ1882 ቪልሄልም ገና 50 ዓመት ሳይሞላው አረፈ። ከዚያ በኋላ ሞረዱንም ደጅ ጥናቱንም ፖል ብቻውን ተሸከመው። በ1887 ከቱርክ መንግሥት ትልቅ ውል ቢያገኝም፣ የፋብሪካው አክሲዮን በርሊን ባለው በሉድቪግ ሎቨ ኩባንያ እጅ ገባ። እሱ የቴክኒክ መሪ ሆኖ ቀጠለ።

ትልቁ ፈተና የመጣው ከፈረንሳይ ነው። በ1886 ፈረንሳዮች ጭስ የሌለው ባሩድ የሚጠቀም ጠመንጃ፣ ለበልን፣ ሲያወጡ የሌላው አገር ጠመንጃ ሁሉ ባንድ ቀን አረጀ። ጀርመንም ደንግጣ በ1888 አዲስ ጠመንጃ አወጣች። ግን የሠራው የመኮንኖች ኮሚሽን ነበር፤ ማውዘርን የጠየቀው የለም! የአገሪቱ ጦር 17 ዓመት የተሸከመው የእሱን ጠመንጃ ሆኖ ሳለ እሱ ከበር ውጪ ቀረ።

ሰውየው አላኮረፈም፣ ወይም ቢያኮርፍም ሞረዱን አላስቀመጠም። በ1889 ቤልጅየም የማውዘርን አዲስ ጠመንጃ መረጠች። አምስት ጥይት በአንዲት የብረት ማሰሪያ ተደርድሮ ባንድ ግፊት የሚጎርሰው የዚህ ጊዜ ነው። የቤልጅየምን 150,000 ጠመንጃ ለመሥራት ሲባልም ሊዬዥ አጠገብ አንድ ፋብሪካ ተቋቋመ፤ ዛሬም ድረስ ያለው ኤፍ ኤን ነው። ልብ በሉ፣ ከሃያ ዓመት በፊት ኖሪስ የጣለው እዚያው አካባቢ ነበር። እኛ አገር በልጅግ ብለን የጠራነውም የዚሁ ቀዬ ብረት ነው።

በ1893 ለስፔን የሠራው ባለ 7 ሚሊ ሜትር ጠመንጃ አምስቱን ጥይት ግራና ቀኝ አሰባጥሮ በእንጨቱ ውስጥ ደበቃቸው። በ1898 ኩባ ላይ አሜሪካኖች ከስፔን ጋር ሲዋጉ ይኸው ጠመንጃ ክፉኛ ጎዳቸው። ከጦርነቱ በኋላ የራሳቸውን ስፕሪንግፊልድ 1903 ሲሠሩ ከማውዘር ብዙ ስለወሰዱ 200,000 ዶላር ከፈሉ። ጀርመንም በመጨረሻ ተመለሰች። በዚያው በ1898 «ጌቬር 98» የተባለውን የማውዘር ጠመንጃ ለጦሯ መረጠች። ልኩ 7.92 ሚሊ ሜትር ነው። መዝጊያው ከፊት ሁለት ጆሮዎች አሉት፤ እነሱ ቢሰበሩ የሚይዝ ሦስተኛ ጆሮ ከኋላ ተጨመረ። በመዝጊያው ጎን ሁለት ቀዳዳዎች ተበሱ። የመዝጊያው ጀርባ ደግሞ እንደ ባርኔጣ ጠርዝ ሰፋ ተደረገ።

እነዚህ ቀዳዳዎች ለምን እንደተበሱ በመጽሐፍ አንብቤ ነበር። የገባኝ ግን አሜሪካ ያለው አጎቴ ጋ በሄድኩ ጊዜ ነው። አጎቴ ያረጁ የጦር ጠመንጃዎችን እየገዛ ዒላማ የሚተኩስ ሰው ነው። ካሉት አንዱ ቤልጅየም የተሠራ የማውዘር ጠመንጃ ሲሆን፣ እሱም በቅርብ ዓመታት ከኢትዮጵያ ወጥተው ለአሜሪካ ሰብሳቢዎች ከተሸጡት አሮጌ መሣሪያዎች መሃል ነው። የአገሬን ጠመንጃ ለመጀመሪያ ጊዜ የነካሁት ሰው አገር መሆኑ ገርሞኛል። ሰደፉ ተፍቆ፣ ተቧጭሮ፣ በአንድ ቦታ በሽቦ ታስሯል። ለመተኮስ ከመታሰቡ በፊት ሙያተኛ ማጉረሻውን ለክቶ፣ አፈሙዙን አይቶ ደህና ነው ብሎታል። ጥይቱ ግን የድሮ ወታደራዊ ትርፍ ነበር።

መለማመጃ ሜዳው ላይ መነጽርና የጆሮ መከለያ ያላደረገ ጠመንጃ አይነካም። አምስቱን ጥይት በአውራ ጣቴ ተጭኜ አስገባሁ። መዝጊያውን ስገፋ ማሰሪያዋ ራሷ ተፈናጥራ ወደቀች፤ ጥይቱም ገና ከሥር ብቅ ሲል ማውጫው መንጋጋ ቀለሁን ያዘው። ቃታውን ሳብኩ። ትከሻዬን በቅሎ የረገጠችኝ ነው የመሰለኝ! ሦስተኛው ጥይት ላይ ግን ድምፁ ተለየብኝ፣ በግራ እጄ በኩልም ትኩስ ነገር ሽው አለ። ፊቴን ምንም አልነካኝም። ቀለሁን ሳወጣው ማቀጣጠያው ተበስቷል። አጎቴ ወዲያው ተኩሱን አስቆመና የቀረውን ጥይት ሁሉ ሰበሰበ። በኋላ ቁጭ ብለን መዝጊያውን ስንፈታው ነገሩ ግልጽ ሆነ። ማጉረሻው ውስጥ ከ3,000 ባር በላይ የሚደርስ ግፊት አለ። በተበሳው ማቀጣጠያ ያመለጠው ጋዝ ወደ መዝጊያው ሆድ ገባ፣ በሁለቱ ቀዳዳዎች ወደ ግራ ወጣ፣ የተረፈውን ደግሞ ያ ባርኔጣ መለሰው። ዓይኔን ከመነጽሩ ጋር የጠበቀልኝ እኔ ከመወለዴ ከመቶ ዓመት ገደማ በፊት የተበሳ ቀዳዳ ነው። ማታ አጎቴ አፈሙዙን በፈላ ውሃ ሲያጥብ አየሁት፤ የድሮ ጥይት ማቀጣጠያ የሚተወው ጨው እርጥበት እየሳበ ብረቱን ስለሚያዝገው ነው።

አሁን ወደ ማውዘር ልመለስ። ሰውየው የሌላውን ዓይን እንዲህ ጠብቆ የራሱን ግን አልጠበቀም። በ1901 በራሱ የሚጎርስ አዲስ ጠመንጃ ሲሞክር መሣሪያው ፈነዳና ግራ ዓይኑን አጠፋው። ዕድሜው 63 ገደማ ነበር። አንድ ዓይን ይዞ ሥራውን ቀጠለ። ከ1898 እስከ 1903 ደግሞ የጀርመን ምክር ቤት አባል ነበር።

ሁሉም ነገሩ ግን የሚመሰገን አይደለም። ስሙን የተሸከመውን የ1896ቱን ዝነኛ ሽጉጥ የቀረጹት በፋብሪካው ይሠሩ የነበሩት የፌደርለ ወንድማማቾች ናቸው። ፓተንቱ የወጣው ግን በማውዘር ስም ነው። ኖሪስ በወጣትነቱ የሠራበትን አስታውሶ ቢሆን ኖሮ እነሱም በስማቸው ይታወቁ ነበር ያሰኛል። ነገ የድርጅት ኃላፊ የምንሆን ሰዎች ይህን ብናስታውስ አይከፋም።

በ1912 የቩርተምበርግ ንጉሥ የመኳንንት ማዕረግ ሰጠውና «ፎን ማውዘር» ተባለ። ግንቦት 29 ቀን 1914 በተወለደባት ከተማ በ75 ዓመቱ አረፈ። ሁለት ወር ሳይሞላ ወይም እንደሞላ የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ፈነዳ፤ የእሱ ጠመንጃም በሚሊዮን እየተባዛ ወደ ምሽግ ወረደ። በ1935 ጀርመን ያንኑ አሠራር አሳጥራ «98 ካ»ን አወጣች። በዚያው ዓመት ኢትዮጵያ ለጣሊያን ወረራ ስትዘጋጅ ከያዘቻቸው ጠመንጃዎች መሃል ሞዘርና በልጅግ ነበሩበት። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ደግሞ በኦበርንዶርፉ ፋብሪካ ከየአገሩ የታፈሱ ሰዎች በግዳጅ ሲሠሩ ቆዩ። ከ1945 በኋላ የያዙት ፈረንሳዮች ማሽኖቹን ነቅለው ወሰዱ።

እንግዲህ ፍርዱን እንዴት እንስጥ? ያንኑ ብረት ኢትዮጵያዊው አርበኛ አገሩን ሊጠብቅበት፣ የናዚ ወታደር የሰው አገር ሊወርበት ይዞታል። ብረቱ አይለይም። ማውዘር ከጠመንጃው ኋላ ለቆመው ሰው ሦስተኛ ጆሮ፣ ሁለት ቀዳዳና አንድ ባርኔጣ አሰበለት። ከፊት ለቆመው ሰው ግን ያሰበለት ነገር በስዕሉ ላይ የለም፤ ሥራውም ያንን አይጠይቅም ነበር። እኔ ከኋላ ቆሜ ስለነበር ዓይኔ ተረፈ፣ ለዚህም ባለውለታው ነኝ። ግን እኛም ነገ ድልድይም እንሥራ ቦይለር፣ ከኋላው የሚቆመውን ብቻ ሳይሆን ከፊቱ የሚቆመውንም መጠየቅ አለብን። ፈተና ላይ የማይመጣው ጥያቄ ይኸው ነው፤ መምህራኖቻችን ቢያመጡት ግን ለመመለስ ዝግጁ ነኝ። ቸር ይግጠመን!