ዳቦና ስኳርን የተወው የለንደን ቀብር አስፈጻሚ፦ የዊሊያም ባንቲንግ ሕይወት



ከጁምዓ ሶላት በኋላ በማኅበራችን አዳራሽ ሻይ ስንጠጣ ለሁለት የሚከፍለን ክርክር አለ። አንዱ ወገን ክብደት መቀነስ የፈለገ ሰው እንጀራ፣ ዳቦ፣ ሩዝና ስኳር ጨርሶ መተው አለበት ይላል። ሌላው ደግሞ አላህ ሐላል ያደረገውን በራስ ላይ እርም ማድረግ ምን ይባላል፣ ሁሉንም በልኩ መብላት ነው እንጂ ይላል። በሁለቱም ወገን ቦርጫቸው ቀበቷቸውን ያሸነፈ ወንድሞች አሉ። እኔ ዕድሜዬ ከሃምሳ አልፏል፣ ቀኑን ሙሉ ታክሲ ላይ ተቀምጬ ነው የምውለው፣ ባለፈው ዓመት ደሜ ተመርምሮ ስኳሬ ድንበሩ ላይ መድረሱ ተነግሮኛል። አባቴን የወሰደው ስኳር ነው። ስለዚህ ክርክሩ ለእኔ የሻይ ወሬ ብቻ አይደለም።

ስለ ጉዳዩ ሳነብ ሁለቱንም መንገድ በገዛ ሰውነቱ የሞከረ ሰው አገኘሁ። ሐኪም አልነበረም፣ ሙስሊምም አልነበረም፤ ከሞተ ወደ 150 ዓመት ይጠጋዋል። ስሙ ዊሊያም ባንቲንግ ይባላል። እኔ በምኖርባት በለንደን፣ ሴንት ጄምስ ስትሪት በሚባለው ጎዳና ላይ ቀብር አስፈጻሚ ነበር። ያየውን ሁሉ ጽፎ ስለተወ ታሪኩን ለእናንተም ላካፍላችሁ ወደድኩ። ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ባንቲንግ የተወለደው በ1796 መጨረሻ ገደማ ነው። የቤተሰቡ ድርጅት የቤት ዕቃ ይሠራ ነበር፤ ስሙ የገነነው ግን በቀብር ሥራ ነው። ንጉሥ ጆርጅ ሦስተኛ በ1820፣ ጆርጅ አራተኛ በ1830 ሲሞቱ ቀብሩን ያሰናዳው ይኸው ቤት ነበር። ናፖሊዮንን ድል ያደረገው የዌሊንግተን መስፍን በ1852 ሲሞት፣ የንግሥት ቪክቶሪያ ባል ልዑል አልበርት በ1861 ሲሞት የተጠራው እሱው ነው። ባንቲንግ እንግዲህ ገንዘብም ክብርም ያልጎደለው፣ በቤተ መንግሥት ደጅ የሚታወቅ ሰው ነበር።

የጎደለው ሌላ ነው። ከልጅነቱ ጀምሮ ውፍረትን አጥብቆ ይፈራ ነበር። በእናቱም በአባቱም ወገን ወፍራም ሰው አልነበረም። ሠላሳዎቹ ዕድሜው ውስጥ ሲገባ ግን ሰውነቱ መወፈር ጀመረ፣ እሱም ወዲያው ወደ አንድ የታወቀ ሐኪም ሄደ። ሐኪሙ ሰውነትህን አሠራ፣ ጀልባ መቅዘፍ ጥሩ ነው ብሎ መከረው። ቤቱ ለወንዙ ቅርብ ስለነበር ባንቲንግ ጀልባውን አውጥቶ በየማለዳው ሁለት ሰዓት ያህል መቅዘፍ ያዘ። ጡንቻው ጠነከረ። የምግብ ፍላጎቱም አብሮ ጠነከረና ያንኑ ተከትሎ ክብደቱ ጨመረ። ከጂም ሲመለስ የሁለት ሰው እንጀራ የሚያነሳ ጓደኛ ያለው አንባቢ ይህ ይገባዋል።

ከዚያ በኋላ ያልሞከረው የለም። ፈረስ ጋለበ፣ የባሕር አየር ተቀበለ፣ እንግሊዝ ውስጥ ለመድኃኒትነታቸው ወደሚታወቁ የጠበል ውኃዎች ከተማ ለከተማ ተመላለሰ፣ መድኃኒት ጠጣ። እስከ 50 ጊዜ ያህል የቱርክ መታጠቢያ ቤት ገብቶ በእንፋሎት ላብ አወጣ፤ ከዚያ ሁሉ ላብ ያተረፈው ሦስት ኪሎ እንኳ የማይሞላ ነው።

በልክ መብላትንም ሞክሯል። በእኛ ክርክር ይህ ክፍል ከሁሉ ይበልጣል፤ ሰፋ አድርጌ ልንገራችሁ። ሐኪሞቹ ቀለል ያለ ምግብ በልኩ ብላ እያሉ ያሰናብቱት ነበር። የትኛው ምግብ ነው ቀላሉ? ልኩስ ስንት ነው? ይህን ዝርዝር አድርጎ የነገረው አልነበረም። እሱ ታዛዥ ሰው ስለነበር እንደገባው አድርጎ ከሁሉም ቀነሰ። ሰውነቱ ደከመ፣ ቆዳው ላይ እባጭ ይወጣበት ጀመር፣ ሁለቱማ ከባድ ሆነው በቀዶ ሕክምና እስከ መከፈት ደረሱ። ውፍረቱ ግን ባለበት ነበር። በዚያ ዘመን ገበታው ላይ የነበረውን ስታዩ ምክንያቱ ግልጽ ነው። ቁርሱ ዳቦ በወተት ወይም ወተትና ስኳር የበዛበት ሻይ በቅቤ ከተቀባ የተጠበሰ ዳቦ ጋር። ምሳው ሥጋ፣ ቢራ፣ ብዙ ዳቦና የዱቄት ጣፋጭ። ከሰዓት በኋላ እንደ ቁርሱ ያለ ሻይ። ማታ የፍራፍሬ ኬክ ወይም ደግሞ ዳቦ በወተት። ከዚህ ላይ ትንሽ ትንሽ ቢቀንስ የሚቀረው ያው ዳቦና ስኳር ነው፣ መጠኑ አንሶ ረሃቡ የበዛበት።

በ1862 ባንቲንግ 65 ዓመቱ ነበር፤ ቁመቱ 165 ሳንቲ ሜትር፣ ክብደቱ 92 ኪሎ ያህል። ዛሬ በየመንገዱ ከምናየው ሲነጻጸር ያን ያህል የሚያስገርም አይደለም፤ እሱ ግን ጎንበስ ብሎ የጫማውን ማሰሪያ ማሰር አይችልም ነበር። ደረጃ ሲወርድ ጉልበቱና ቁርጭምጭሚቱ እንዳይጎዱ ፊቱን ወደ ላይ አዙሮ ወደ ኋላ እየረገጠ ነው የሚወርደው። እምብርቱ ላይ ቡአ ስለነበረው በማሰሪያ ይታገዝ ነበር። ዓይኑ ደክሟል፣ ጆሮውም እየከበደ ሄዷል። ሰው በተሰበሰበበትና በመንገድ የሚሰማው ሹፈት ከሕመሙ ይልቅ ያሳቅቀው ስለነበር ከቤት መውጣት ቀነሰ። የነገሥታትን ቀብር ሲመራ የኖረ ሰው ጋሪ ላይ ሲወጣ የሚስቁበት አስቡት።

መድኃኒቱ የመጣው ባልጠበቀው በር ነው። በ1862 ነሐሴ ወር ላይ ለጆሮው ሐኪም ሲፈልግ ዊሊያም ሃርቪ የሚባል የጆሮ ሐኪም ዘንድ ደረሰ። ሃርቪ ፓሪስ ውስጥ ክሎድ ቤርናር የሚባለው ታላቅ ሳይንቲስት ስለ ስኳር በሽታና ጉበት ስኳር ስለ መሥራቱ ሲያስተምር ሰምቶ ነበር። ከዚያ ተነስቶ ከብት በምን እንደሚደልብ፣ የስኳር ሕመምተኛ ደግሞ ምን ሲከለከል እንደሚሻለው አገናኝቶ አሰበ። ባንቲንግን መርምሮም የጆሮው መክበድ ከውፍረቱ የመጣ ነው የሚል ግምት ያዘ። ያዘዘለት መድኃኒት ሳይሆን የስም ዝርዝር ነበር፦ ዳቦ፣ ቅቤ፣ ወተት፣ ስኳር፣ ቢራና ድንች ተው።

ባንቲንግ ከዚያ በፊት ዋና ምግቦቹ እነዚህ ስለነበሩ ምን በልቼ ልኖር ነው ብሎ ደነገጠ። ሃርቪ ግን የሚበላውንም ጽፎ ሰጠው። ጠዋት ከ110 እስከ 140 ግራም ገደማ ሥጋ ወይም ዓሣ፣ ያለ ወተትና ያለ ስኳር ሻይ፣ 30 ግራም የማትሞላ ደረቅ ዳቦ። ለምሳ ከ140 እስከ 170 ግራም ዓሣ ወይም ከአሳማ በስተቀር ማንኛውም ሥጋ፣ ከድንች በስተቀር ማንኛውም አትክልት፣ ያቺው ቁራሽ ደረቅ ዳቦ። ከሰዓት በኋላ ጥቂት ፍራፍሬና ሻይ፤ ማታ እንደ ምሳው ሆኖ ከምሳው ያነሰ። ገበታው ላይ ወይን ጠጅም ነበረበት፤ እሱን ለባለቤቱ እንተውለት፣ ሰውየውን ያከሳው እሱ አይደለም።

እነዚህን መጠኖች ደግማችሁ እዩአቸው። ባንቲንግ ሁልጊዜ የሚጠቀሰው ምግብ በመከልከል ነው፤ ከሚበላው አብዛኛው ግን ተመዝኖ ነው የተጻፈለት። የተከለከለው ዳቦ እንኳ አንድ ቁራሽ ተፈቅዶለታል። ከቀድሞዎቹ ሐኪሞች ምክር የተለየው ሁለቱንም በስምና በቁጥር ስላገኘ ነው። እኔ እንደማየው የልክ ምክር ያልሠራለት ልክ መጥፎ ስለሆነ ሳይሆን ልኩ ስላልተነገረው ነው። ሆድን ሲሶ ለምግብ፣ ሲሶ ለመጠጥ፣ ሲሶ ለትንፋሽ ማካፈልን ከነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) የተማርን ሰዎች ልክ ማለት ቁጥር እንዳለው ልንረሳ አይገባም።

ክብደቱ ቀስ ብሎ በሳምንት ግማሽ ኪሎ እንኳ በማይሞላ ፍጥነት ወረደ። በ1863 ነሐሴ 71 ኪሎ ያህል ሆነ፤ በአንድ ዓመት 21 ኪሎ ገደማ፣ ከወገቡ ዙሪያ 31 ሳንቲ ሜትር ማለት ነው። ደረጃውን እንደ ሰው ፊት ለፊት ወረደ፣ ጫማውን ራሱ አሰረ፣ ጆሮውም ተሻለው። በረሃብ አልተሠቃየም።

ያገኘውን ለራሱ አልደበቀም። በዚያው በ1863 ስለ ውፍረት ለሕዝብ የተጻፈ ደብዳቤ ብሎ ትንሽ መጽሐፍ አሳተመ፤ የመጀመሪያዎቹን ቅጂዎች በነጻ አደለ። ፈላጊው ሲበዛ መሸጥ ጀመረ፤ ከ60,000 ቅጂ በላይ ሲሸጥ ትርፉን ለሆስፒታሎችና ለበጎ አድራጎት ሰጠ። የተናደዱ ሐኪሞችም ነበሩ። ቀብር አስፈጻሚ ስለ ሕክምና ምን አገባው አሉ፤ ነገሩም አዲስ አይደለም አሉ። በሁለተኛው እውነት ነበራቸው፤ ፈረንሳዊው ብሪያ ሳቫረን በ1825 ባሳተመው መጽሐፍ ወፍራሞችን ከዱቄት አስጠንቅቆ ነበር። የባንቲንግ ስም ግን እንግሊዝኛ ውስጥ ግስ ሆነ። ስዊድን ያላችሁ ወገኖቻችን ደግሞ እስከ ዛሬ ትሰሙታላችሁ፤ እዚያ ክብደት ለመቀነስ ምግብ መቆጣጠር ባንታ የሚባለው ከዚህ ሰው ስም ነው።

እኔን የማረከኝ የባቄላው ምሳሌው ነው። ባንቲንግ የተዋቸውን ምግቦች ለፈረስ ከሚሰጥ ባቄላ ጋር አመሳሰላቸው። የፈረስ ምግብ ሣርና እህል ነው፤ ባቄላ አልፎ አልፎ፣ ለብርቱ ሥራ ሲሰጥ ይጠቅማል፣ የዘወትር ምግብ ሲሆን ይጎዳል። ዳቦና ስኳርም በወጣትነት የሚጠቅሙ፣ ዕድሜ ሲገፋ ግን የሚጎዱ የሰው ባቄላ ናቸው አለ። ሀገር ቤት ከሞፈርና ከቀንበር ጋር ውሎ ለሚመጣ ገበሬ የሚቀርበው እንጀራና እዚህ ወንበር ላይ ውዬ ስመጣ የሚቀርብልኝ እንጀራ አንድ ዓይነት ነው። ውሎው ነው የተለየው።

በኛ ገበታ ላይ ደግሞ ባንቲንግ ያልገጠመው ችግር አለ። የምንበላው ከአንድ ትሪ ነው። አራት ሰው ከበበው፣ ከፊትህ ያለው ሲያልቅ ይጨመራል፣ ጉርሻም ከግራና ቀኝ ይመጣል። እንዲህ ሆኖ ምን ያህል እንጀራ እንደበላ የሚያውቅ ሰው ካለ ይንገረኝ። ስለዚህ በልክ እበላለሁ የሚለው ወንድም ልኩን የሚያውቅበት መንገድ የለውም። ጨርሶ እተዋለሁ የሚለውም እንጀራውን ሲተው ትሪውን ይተዋል፤ ከትሪው የራቀ ሰው ደግሞ ቢበዛ እስከ ሚቀጥለው ሰርግ ነው የሚቆየው።

እኔ ያደረግኩት መለየት ነው። ብቻዬን የምወስደውን፣ ማለትም የሻይ ስኳር፣ ለስላሳ መጠጥ፣ መኪና ውስጥ የምበላው ዳቦና ብስኩት፣ ጨርሼ ተውኩ፤ ማንንም አያስቀይምም። እንጀራውን አልተውኩትም፤ ባለቤቴ ድርሻዬን ለብቻ ታነሳልኛለች፣ አንድ ግማሽ ናት፣ ያቺ ካለቀች ወጡን በማንኪያ እጨርሳለሁ። በረመዳን ሳምቡሳ ሁለት። እስካሁን ሰባት ኪሎ ወርዷል አልሐምዱሊላህ። የስኳር መድኃኒት ወይም ኢንሱሊን የምትወስዱ ግን ሐኪማችሁን ሳታማክሩ እንጀራና ዳቦ በድንገት እንዳትተዉ፤ መድኃኒቱ ሳይቀነስ ምግቡ ከቀነሰ ስኳር ከመጠን በላይ ወርዶ ሰው ይጥላል።

ለነገሩ በ2018 የወጣ የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ጥናት 609 ሰዎችን ለአንድ ዓመት ተከታትሎ ነበር። ግማሾቹ ቅባት ቀነሱ፣ ግማሾቹ እንደ ዳቦና ሩዝ ያለውን። በአማካይ የመጀመሪያዎቹ 5.3 ኪሎ፣ ሁለተኞቹ 6 ኪሎ ቀነሱ፤ እዚህ ግባ የሚባል ልዩነት አልተገኘም። ሁለቱም ወገን ግን ስኳርና ነጭ ዱቄት እንዲቀንሱ ታዘው ነበር።

ባንቲንግ በዚህ አይገረምም ነበር። ከከሳ በኋላ ሚዛኑን አልጣለም፤ የተዋቸውን ምግቦች አንድ በአንድ እየመለሰ ይፈትን ነበር። በ1869 ባሳተመው እትም እንደጻፈው ከሁሉ የከፋው ስኳር ሆኖ አገኘው፤ በሳምንት ውስጥ ከፋፍሎ የወሰዳት 140 ግራም ያህል ስኳር ክብደቱን ግማሽ ኪሎ ገደማ ትጨምርበት ነበር። አልፎ አልፎ ከተከለከለው ይቀምሳል፣ ሚዛን ላይ ይወጣል፣ ከጨመረ ይመለሳል። እንዲህ እያለ ከጆሮ ሐኪሙ ጋር ከተገናኘ በኋላ ከ15 ዓመት በላይ ኖረ፤ ማርች 16 ቀን 1878 ለንደን ውስጥ በ81 ዓመቱ ሞተ።