ፋይል ሳይነካ ፋይላችንን ያስተካከለው ሊቅ

ሥራው ከኮምፒዩተር ጋር የሆነ ሰው ይህን ችግር ሳያውቀው አይቀርም። ሁለትና ሦስት ሺህ ፋይል ተከማችቷል፤ ስያሜው ግን የተዘበራረቀ ነው። አንድ በአንድ ስም መለወጥ ቀናት ይፈጃል። ዘዴውን የሚያውቅ ባለሙያ የስሞቹን የጋራ ቅርጽ በጥቂት ምልክቶች ይጽፋል፤ ኮምፒዩተሩም ከቅርጹ ጋር የሚገጥመውን እየለየ ሁሉንም ባንዴ ይሰይማል። የዘዴውን መሠረት የጣለው ሰው ግን የተነሣው ፋይል ለመሰየም አልነበረም።

ስቲቨን ኮል ክሌይኒ የተወለደው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር (ከዚህ በታች ያለውም ሁሉ እንዲሁ ነው) በ1909 በአሜሪካ፣ ሃርትፎርድ ከተማ ነው። አባቱ የኢኮኖሚክስ መምህር፣ እናቱ ገጣሚ ነበሩ። በ1934 በፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ በአሎንዞ ቸርች አማካሪነት ዶክትሬቱን አገኘ፤ በቀጣዩ ዓመት በዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ማስተማር ጀመረ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በባሕር ኃይል አገልግሎ በ1946 ወደ ማስተማሩ ተመለሰ። ተራራ መውጣት የሚወድ ሰው ነበር።

በ1951 ራንድ በተባለው የጥናት ተቋም ሳለ አንድ ጥያቄ ያዘው። ማክካሎክና ፒትስ በ1943 የነርቭ ሕዋሳትን አሠራር በሒሳብ ገልጸው ነበር። ክሌይኒ እንዲህ ያለው የሕዋሳት መረብ የትኞቹን የምልክት ቅደም ተከተሎች ለይቶ ማወቅ ይችላል ብሎ ጠየቀ። መልሱን በሦስት ነገሮች ጠቀለለው፦ ይህ ወይም ያ፣ ይህ ቀጥሎ ያ፣ እንዲሁም መደጋገም። መደጋገምን በኮከብ ምልክት (*) ጻፈው። ጽሑፉ በ1956 ታተመ። ለእነዚህ ቅደም ተከተሎች የሰጠው ስም ራሱን ስላላረካው የተሻለ ስም እንዲጠቁሙት አንባቢዎቹን ጋብዞ ነበር፤ የጸናው ግን ያው የመጀመሪያው ነው።

በ1968 ኬን ቶምሰን ይህን ሒሳብ ጽሑፍ መፈለጊያ አደረገው። ከዚያ ወደ ዩኒክስ፣ ከዩኒክስም ወደየኮምፒዩተራችን ገባ።

ለእኛ ፊደል ጥቅሙ ድርብ ይመስለኛል። በምሠራበት ቢሮ የድሮ መዛግብት ስካን ተደርገው ሲደራጁ አንዱ ጸሐፊ ኃይሉ፣ ሌላው ሀይሉ፣ ሦስተኛው ኀይሉ ብሎ ሰይሟል። ለኮምፒዩተሩ እነዚህ ሦስት ሰዎች ናቸው። [ሀሃሐሓኀኃ]ይሉ ብለን ስንጽፍ ግን ሁሉንም በአንድ ይይዝልናል። ነገሩ የፊደል ክርክር ብቻ አይደለም። የአንድ ጡረተኛ ማኅደር በሁለት ስም ተከፍሎ ከቀረ የአገልግሎት ዘመኑ ሊጎድልበት ይችላል።

መሣሪያው ግን ስለት አለው። ቅርጹ ከልክ በላይ ከሰፋ ያልታሰበውንም ይጠርጋል፤ ሁለት ፋይሎች አንድ ስም ካገኙ አንዱ ሌላውን ሊያጠፋው ይችላል። ስለዚህ አስቀድሞ ቅጂ ማስቀመጥ፣ ለውጡንም ከመፈጸም በፊት የአዲሶቹን ስሞች ዝርዝር ማየት ብልህነት ነው።

ክሌይኒ በ1979 ጡረታ ወጣ፤ በ1990 የአሜሪካን ብሔራዊ የሳይንስ ሜዳልያ ተሸለመ፤ በ1994 በማዲሰን ከተማ አረፈ። ንጹህ ሒሳብ የሚያጠና ልጃችንን ይህ ምን እንጀራ ይሆንሃል ብለን ከመጠየቃችን በፊት የዚህን ሰው ታሪክ ብናስብ መልካም ነው እላለሁ። ስለ ነርቭ ተጠይቆ የተገኘ መልስ ዛሬ የመዝገብ ቤት ሠራተኛን ሸክም እያቃለለ ነውና።